ከበሮው ተራውን ሲጠብቅ፤ የቻይና ኦፔራ፣ ፒያኖና የጣና ዳር ማኅሌት

ጥር 17 ለ18 አጥቢያ ሌሊት ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ማኅሌት ቆሜ ነበር። “ቆሜ ነበር” ስል ከካህናቱ ጋር ሳይሆን ከምእመናኑ ጋር፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጥጌን ይዤ ማለቴ ነው። የጥር ሌሊት የጣና ብርድ ምን እንደሚመስል የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎረምሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ጋሼ፣ ከበሮዎቹን ለምን አይመቷቸውም?” ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነው። ከበሮዎቹ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ካህናቱ ግን በባዶ ድምፅ ያዜማሉ። “ታገስ፣ ይደርሳል” አልኩት። ደረሰም። መጀመሪያ በባዶ ድምፅ የተባለው ቃል ተመልሶ በመቋሚያ ተባለ፣ ጸናጽል ገባ፣ ከበሮው ከመሬት ተነሥቶ አንገት ላይ ዋለ፣ በመጨረሻም ቅጽሩ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። ጎረምሳው ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ቻይና ተምሮ የተመለሰ ወዳጄ “ይኼን ስማና ምን እንደሚመስልህ ንገረኝ” ብሎ ጥቂት ሙዚቃዎች በፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። ከቻይና ኦፔራ የተቀዱ የፒያኖ ሥራዎች ናቸው። በአንዳንዶቹ ፒያኖው ከከበሮና ከጎንግ ጋር ይጫወታል፤ በሌሎቹ ደግሞ ራሱ ከበሮና ጎንግ ሆኖ ያርፋል። ከዚያ ሌሊት በኋላ መልሼ ሳዳምጣቸው አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። እኛስ? በጣና ዳር ይህን የሚያህል የድምፅና የከበሮ ሥርዓት ይዘን፣ ፒያኖ የሚጫወቱ ታላላቅ ሰዎችም አፍርተን፣ ፒያኖአችን ከማኅሌቱ ምን ወሰደ? ምንስ ትቶ ሄደ?

መልሱን ከመፈለግ በፊት ቻይናውያኑ ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል።

መድረኩን የሚከፍተው ከበሮ

ኦፔራ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ወፍራም ድምፅ ያለው ጣሊያናዊ ነው። የቻይናው ከዚያ ይለያል። ዝነኛው የፔኪንግ ኦፔራ ዘፈን፣ ንግግር፣ ትወና፣ ውዝዋዜና የጦር ሜዳ አክሮባት በአንድነት የሚቀርቡበት ቴያትር ነው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1790 ነው። በዚያ ዓመት የአንሁዊ ግዛት ቡድኖች የንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግን 80ኛ የልደት በዓል ለማክበር ወደ ፔኪንግ መጡ። ዜማዎቹ በዋናነት በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ሲፒ እና ኤርሁዋንግ ይባላሉ።

ሙዚቀኞቹም በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የሲቪል፣ ሁለተኛው የጦር ይባላል። የሲቪሉ ወገን እንደ እኛ ማሲንቆ በደጋን የምትገዘገዝ፣ ጂንግሁ የተባለች ባለሁለት ክር መሣሪያን ይዞ ዘፋኙን ያጅባል። የጦሩ ወገን ደግሞ ትንሽ ከበሮ፣ የእንጨት ማጨብጨቢያ፣ ትልቅና ትንሽ ጎንግ እንዲሁም ሁለት ተጋጪ የነሐስ ሳህኖች ይይዛል። ትልቁ ጎንግ ሲመታ ድምፁ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ትንሹ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው የቻይና ኦፔራን የትም ቢሰማው አይስተውም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በፔኪንግ ኦፔራ በትር ይዞ ፊት ለፊት የሚቆም መሪ የለም። ሁሉን የሚመራው ከበሮ መቺው ነው። ተዋናዩ ከመጋረጃው ጀርባ ሳይወጣ ከበሮና ጎንግ መድረኩን ይከፍታሉ። ጄኔራሉ ሲቆጣ፣ ሴቲቱ ስታለቅስ፣ ሌባው ጨለማ ውስጥ ሲዳብስ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ስም ያለው የአመታት ዓይነት አለ። ተማሪው እነዚህን የሚይዛቸው በመጀመሪያ በአፉ ነው፤ ለየመሣሪያው ድምፅ የተሰጡትን ቃላት እየደጋገመ በቃሉ ያጠናቸዋል። የቆሎ ትምህርት ቤት በር የረገጠ ሰው ይህ አይገርመውም።

ፒያኖን ከጥፋት ያዳነ ኦፔራ

ፒያኖ በዚህ ዓለም ውስጥ እንዴት ገባ? የሚደንቀው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። ዪን ቼንግዞንግ የተባለ ቻይናዊ ፒያኒስት እ.ኤ.አ. በ1962 ሞስኮ ላይ በተካሄደው የቻይኮቭስኪ ውድድር 2ኛውን ሽልማት ከአንዲት አሜሪካዊት ጋር ተጋራ። ከ4 ዓመት በኋላ የባህል አብዮት ተቀጣጠለ። ፒያኖ የቡርዣ ዕቃ ተባለ፤ የምዕራባውያን ሙዚቃ ተወገዘ። ዪን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1967 ከጓደኞቹ ጋር ፒያኖ በመኪና ጭኖ ቲያንአንመን አደባባይ ወሰደና ለሰፊው ሕዝብ ተጫወተ። ሰዎች የፔኪንግ ኦፔራ እንዲጫወትላቸውም ጠየቁት።

ከዚያም በመንግሥት ከተፈቀዱት አብዮታዊ ኦፔራዎች አንዱ የነበረውን “ቀዩ ፋኖስ” ወስዶ ለዘፋኝ፣ ለፒያኖና ለፔኪንግ ኦፔራ የምት መሣሪያዎች አዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ቀረበ። ጂንግሁ ወጥታ ፒያኖ ገባ፤ ከበሮውና ጎንጉ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሥራው የፖለቲካ ጫና የወለደው መሆኑን መካድ አይቻልም። የአብዮት ኪነትን ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሆኖም ከፖለቲካው ጀርባ አንድ የሙዚቃ እውነት ተረፈ። ፒያኖው የሕዝቡ የሆነው ዜማውን ስለተጫወተ ብቻ አይደለም፤ ለከበሮው መታዘዝን ስለተማረ ነው።

የኋለኞቹ አቀናባሪዎች በዚህ መንገድ ገፉበት። ፈረንሳይ ሄዶ ከኦሊቪዬ ሜሲያን የተማረው ቼን ቺጋንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ፔኪንግ ኦፔራ አንድ የፒያኖ ሥራ ጻፈ። ይህ ሰው በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ መክፈቻ የሙዚቃ ዳይሬክተር የነበረው ነው። ዣንግ ዣኦ ደግሞ “ፒ ሁዋንግ” የሚል የፒያኖ ሥራ አለው፤ ርእሱ ሲፒና ኤርሁዋንግ ከሚሉት ስሞች የተገጣጠመ ነው። ሥራው በክፍል በክፍል የተሠራ ሲሆን ክፍሎቹ ስማቸውን ያገኙት ከኦፔራው የፍጥነት ዓይነቶች ነው፤ ነጻው መግቢያ፣ መደበኛው ምት፣ ዝግተኛው፣ ፈጣኑ እያለ ይሄዳል። አንደኛው ክፍል “የሚወዛወዝ ምት” እንደማለት ነው። በኦፔራው ይህ ዓይነት ሲመጣ ከበሮው ይጣደፋል፤ ዘፋኙ ግን ተረጋግቶ፣ ቃሉን እየለጠጠ ይዘፍናል።

ፒያኖ እንዴት ጎንግ ይሆናል? በነገራችን ላይ ፒያኖ ከክር መሣሪያ ይልቅ ለከበሮ የቀረበ ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩ ከ200 በላይ ክሮች ተወጥረዋል፤ ከ88ቱ ቁልፎች አንዱ ሲነካ ወፍራም ሱፍ የለበሰ መዶሻ ተወርውሮ ክሩን ይመታል። ሀንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ እ.ኤ.አ. በ1937 ለሁለት ፒያኖና ለምት መሣሪያዎች ሶናታ ሲጽፍ ይህን ባሕርይ በሚገባ ተጠቅሞበታል። የፒያኖ ችግር መንሸራተት አለመቻሉ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ቁርጥ ያለ ድምፅ ብቻ አለው። ስለዚህ አቀናባሪው ጎንግን ለመምሰል ጎን ለጎን ያሉ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ ያስመታል። ድምፆቹ ይጋጫሉ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ይቆያል፣ ጆሮ ደግሞ ከግጭቱ ነሐስ ይሰማል።

ትዝታ የሚያሳስተን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን አንድ ጉድጓድ ላመልክት። የቻይና ሙዚቃ ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው በአምስት ድምፅ ስለተሠራ ነው ይባላል። ይህ ልክ ነው። ጎንግ የሚባለው የቻይና ቅኝት (ከመሣሪያው ጋር ስሙ ተገጣጥሞ ነው) ድምፆቹ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ወደ ጃፓን ብንሻገር ደግሞ አምባሰልን የሚመስል እናገኛለን። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራቾች አንዱና የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ ይህን ዝምድና ቀድመው ስላዩ በ1960ዎቹ “ኮቱራሲያ” በተባለው ድርሰታቸው የጃፓኑን ኮቶ ከምዕራብ መሣሪያዎች ጋር አጣመሩት።

ይሁን እንጂ የቅኝት መመሳሰል የፊት መመሳሰል ነው። ሁለት ሰዎች ፊታቸው ቢመሳሰል አኗኗራቸው አንድ አይሆንም። ከቻይናውያኑ የምንማረው አምስቱን ድምፅ አይደለም፤ እሱማ እኛም ዘንድ አለ። የምንማረው ሥርዓቱን ወደ ፒያኖ እንዴት እንዳሻገሩት ነው። የማን ቃል ይቀድማል? ከበሮ መቼ ይገባል? ምቱ መቼ ይፈጥናል? ዣንግ ዣኦ የወሰደው ይህንን ነው።

የእኛ ሥርዓት ምን ይላል? ይህን ይዤ ዘጌ ወደሚኖሩ አንድ የማውቃቸው መሪጌታ ሄድኩ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠን የቻይናውን “ቀዩ ፋኖስ” በስልኬ አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

“ከበሮው ይቀድማል” አሉ።

“አዎ የኔታ፤ እነሱ ዘንድ ከበሮው ነው የሚመራው።”

“ደግ ነው፤ የአገራቸው ሥርዓት ነው። እኛ ዘንድ ግን ልጄ፣ ቃሉ ሳይነገር ከበሮ አይነሣም።”

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የጎረምሳው ጥያቄ ተመለሰ። የአቋቋም ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ቃል በመጀመሪያ በ“ቁም” ይባላል፤ ያለ መሣሪያ፣ ምቱ በመዶሻ እንደተቸነከረ ሳይሆን እንደ ትንፋሽ እየረዘመና እያጠረ። ቀጥሎ “ዝማሜ” ይመጣል፤ ካህናቱ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ፣ ወደ ምድርም እየጠቆሙ ያንኑ ቃል ይደግማሉ። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው “መረግድ” ይሆናል፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላም እየበረታ። መጨረሻው “ጽፋት” ነው፤ ጭብጨባው ከከበሮው ጋር ይፈጥናል። ቃሉ ያው ነው። የሚለወጠው ፍጥነቱ፣ አካሉና ድምፁ ነው። ከበሮውም ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። መቺው መሐል ገብቶ በሁለት እጁ እየመታ፣ እየተወዛወዘ፣ በቀኝና በግራ ያሉትን ሰልፎች ይዞ ይሄዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይባላል። ከበሮ በፋሲካ የሚያስለቅሰን ስለተራበ ጆሮ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። የቻይናው ከበሮ በር ይከፍታል፤ የእኛው ከበሮ ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱም ግን ማጀቢያ አይደሉም። ከበሮው ከወጣ ታሪኩ ይፈርሳል።

የእኛ ፒያኖ እስከ የት ሄደ?

አሁን ወደ ራሳችን ፒያኖ እንመለስ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረ መሆኑና ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች እንደሰጠን ትውፊቱ ያስረዳል። በጣና ቂርቆስ ደሴትም ተቀምጦ እንዳስተማረ ይነገራል። ዜማውን ወደ ፒያኖ ካቀረቡት መካከል ማንም የማይዘነጋቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በኋላም ካይሮ ሙዚቃ አጥንተው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። በ1960ዎቹ ከጣና በስተ ሰሜን፣ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ይማሩ ነበር። እዚያም በደጀ ሰላም የሚያድሩ፣ ለምነው የሚማሩ የማኅሌት ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ፒያኖ ግን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ችግረኞች መርጃ ነበር። በ2006 በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ዓለም ሁሉ ሰማቸው። በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ።

የእማሆይን ፒያኖ ስሰማ የሚታየኝ ቁም ዜማ ነው። ምቱ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል። ጣታቸው ርክርክን ለመምሰል በትንንሽ ድምፆች ይንቀጠቀጣል። ፒያኖ መንሸራተት አይችልም ያልኩትን እሳቸው በትዕግሥት አሸንፈውታል። ከበሮ ግን የለም። ብቻቸውን ናቸው፤ እንደ መነኩሲት።

ግርማ ይፍራሸዋ በሌላ መንገድ መጣ። ከክራር ተነሥቶ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ቡልጋሪያ ሶፍያ ድረስ ሄዶ የተማረ ፒያኒስት ነው። በ2014 “ፍቅርና ሰላም” በሚል ርእስ በወጣው አልበሙ አምባሰልን፣ ሰመመንንና እልልታን በሾፓን ቋንቋ አናግሯቸዋል። ይህም ለፒያኖ የተሰጠ ታላቅ ስጦታ ነው። እሱም ግን የወሰደው በይበልጥ ዜማውን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ከቫይብራፎኑና ከኮንጋው ጋር ወደ ምቱ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007/08 በሐርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በነበረበት ጊዜ “የያሬድ ኦፔራ” በሚል ስም የሠራውን ከፊሉን ለሕዝብ አቅርቧል። ያሬድና ኦፔራ የሚሉት ሁለት ቃላት አብረው መቆማቸው ብቻ መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ይጠቁማል።

ስለዚህ ሒሳቡ ይህ ነው። ቁም ዜማችን በፒያኖ ተሰምቷል። ቅኝታችንም ተሰምቷል። ልሰማው የምመኘው የቀረውን ነው፤ ለአንድ ፒያኖና ለአንድ ከበሮ የተጻፈ፣ አንድን ሐሳብ ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት የሚወስድ ሥራ። ከበሮ መቺው መድረክ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ምንም ሳይመታ የሚጠብቅበት። ፒያኒስቱ በግራ እጁ ሰፊውን፣ በቀኝ እጁ ጠባቡን ፊት የሚመታበት። አድማጩም እንደዚያ ጎረምሳ “ለምን አይመታም?” ብሎ የሚጨነቅበት።

ጣና ደግሞ ተጨማሪ መሣሪያም አለው። ከዘጌ ስመለስ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጎራ ብዬ የድንጋይ ደወሎቹን አየሁ። ረዣዥም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተንጠልጥለው በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት ይጮኻሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ድምፅ አለው። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረ የአንድ መስፍን መቃብር ከ65 የነሐስ ደወሎች ጋር 32 የድንጋይ ደወሎች ተገኝተውበታል። ቻይናውያን የነሐስ ደወሎቹን አምሳያ አሠርተው ዛሬ ኮንሰርት ያቀርቡባቸዋል። የእኛዎቹ ሙዚየም ውስጥ አይደሉም፤ ዛሬም ምእመናንን ለጸሎት ይጠራሉ። ልንነካቸው አይገባም፤ ድምፃቸውን ግን አዳምጦ መማር ይቻላል።

እርግጥ ነው፣ “ማኅሌትን ወደ መድረክ ማውጣት ድፍረት ነው” የሚል ይኖራል። ይህን ስጋት በቀላሉ የማልፈው አይደለም። የማኅሌት ቃል ጸሎት ነው፤ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት አይደለም። ፒያኖም ቤተ መቅደስ ይግባ የሚል የለም። እኔ የምለው ቃሉን እንተወው፣ ሥርዓቱን እንማረው ነው። መዘግየትን፣ ተራ መጠበቅን፣ ከትንፋሽ ወደ ምት መሸጋገርን። እማሆይም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ዜማውን ገልብጠው አልሸጡም፤ ዜማው ባስተማራቸው ጆሮ የራሳቸውን ጻፉ።

መሪጌታውን ስሰናበታቸው ይህንኑ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። “የሚጽፈው ሰው አቋቋሙን ይማረው” አሉ በመጨረሻ። “ሦስት ወር አይበቃውም። ከበሮ መምታት በሳምንት ይለመዳል፤ አለመምታት ግን ዓመታት ይፈልጋል።”

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይመስለኛል የሚቆመው። የቻይናው ፒያኒስት ሥርዓቱን የሚያውቁ ከበሮ መቺዎች አጠገቡ ነበሩ። የእኛው አቀናባሪም የሚጠይቃቸው መሪጌታዎች ዛሬ በዘጌ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር አሉ። ደቀ መዛሙርቶቻቸውም እማሆይ በ1960ዎቹ እንዳዩዋቸው ሁሉ ዛሬም ለምነው የሚማሩ ናቸው። ፒያኖ መግዛት ይቻላል፤ ከበሮውን የሚያስጠብቅ አስተማሪ ግን ሲያልፍ በገንዘብ አይተካም። በቀጣዩ ጥር ባሕር ዳር ያላችሁ የሙዚቃ ሰዎች ከጥምቀቱ በኋላ ጥቂት ቀን ጨምሩና የ18ቱን ማኅሌት ቁሙ። ጋቢ መያዝ አትርሱ፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከበሮውም አይቸኩልም።